በእጄ የጻፍኳት፣ የኔ ያልተባለችው ወረቀት

ሰሞኑን የሰፋሁትን ቀሚስ ለደንበኛዬ አድርሼ ስመለስ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አለፍኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አንድ ሰውዬ ለከብቶቹ ያጨደውን እርጥብ ሳር አስሮ መንገድ ዳር አስቀምጦታል። ሽታው ሲደርሰኝ ቆሜ ቀረሁ። ሰውዬው የምገዛ መስሎት "ትወስጂዋለሽ እንዴ?" አለኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። የሽታው ነገር ግን እስከ ቤቴ ተከትሎኝ መጣ።

ልጃገረድ ሳለሁ ጂንካ ማለት ያ የአውሮፕላን ሜዳ ነበር። ሱቆቹ፣ መኖሪያ ቤቶቹና ጸሎት ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ እሱ ሳር ለብሶ መሐል ከተማ ላይ በረጅሙ ይተኛል። አውሮፕላን በሳምንት አንዴ ሁለቴ ቢመጣ ነው፤ የቀረውን ቀን ሜዳው የላም፣ የኳስ ተጫዋችና የመንገደኛ ነበር። አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ጥበቃዎቹ ፊሽካ እየነፉ ከብቱን ያባርራሉ። ትንሽ ቆይቶ ከተራራው ጀርባ ድምፁ ይሰማል፣ ገበያተኛው ሸክሙን እንዳዘለ ቆሞ ያያል። ሰፋፊ ኮፍያ ያደረጉ ፈረንጆች ወርደው ወደ ቆላ በሚወስዷቸው መኪኖች ላይ ይጫናሉ። እኛ እነሱን እናያለን፣ እነሱ እኛን ፎቶ ያነሳሉ። አሁን ማረፊያው ሌላ ቦታ ሄዷል፣ አስፋልቱም ገብቷል፣ የባጃጁ ጡሩምባ ከፊሽካው ይብሳል። እኔ ግን ዛሬም በዚያ ስሻገር ሳላስበው ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ።

የጋሽ በየነ የልብስ ስፌት ቤት በረንዳው ለሜዳው ፊቱን የሰጠ ነበር። ጋሽ በየነ ከሰሜን አገር መጥቶ እዚሁ ትዳር ይዞ የቀረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከገዘር ማዶ ካለ ገጠር ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ከዚያ በላይ የሚያስተምረኝ አጥቼ፣ በአክስቴ በኩል እሱ ዘንድ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ ቁልፍ መትከልና መዘምዘም፣ ቀጥሎ በከሰል ካውያ መተኮስ፣ ከዓመት በኋላ ስፌት መኪናው ላይ መቀመጥ። የዚያን ዘመን ልብስ ትዝ ሲለኝ ጣቶቼ ራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ። ሽንሽን ጉርድ፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ሸሚዝ፣ ለበዓል የሚሰፋ የቴትሮን ሱሪ። የተማሪ ሸሚዝ ማሰፊያው አሁን አንድ ማኪያቶ የማያጠጣ ብር ነበር። የመዘምራን ልብስ ትእዛዝ የመጣ ሳምንት ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ሰማያዊ ይሆናል፤ ጋሽ በየነ ከጨርቁ መሐል ራሱን ብቻ ብቅ አድርጎ ሻይ ይጠጣል። ከጎናችን ካሴት ቤት ስለነበረ ሳምንቱን ሙሉ መዝሙር እንሰማለን። ቅዳሜ ሐመሩም በናውም ማርና ቅቤውን፣ የደጋው ሰው ሙዝና ኮረሪማውን ይዞ ለገበያ ሲወጣ ካሴት ቤቱ ዘፈን ይቀላቅልበታል። ጋሽ በየነ ኦርቶዶክስ ነው፣ እኔ ጴንጤ። "ዛሬ ተራው የናንተ ነው የኛ?" እያለ በካሴቱ ይቀልድብኝ ነበር።

ዓይን አፋር ነበርኩ። ደንበኛ ሲያናግረኝ አንገቴን ደፍቼ የያዝኩትን ጨርቅ እያየሁ ነው የምመልሰው። ጋሽ በየነ "ዘነበች፣ ሰውየው እዚህ ጋ ነው፤ ሱሪው አይሰማሽም" ይለኝ ነበር። ሆኖም አንድ የማልታማበት ነገር ነበረኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነበር። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ መምህራችን የሰሌዳውን ቀን እኔ እንድጽፍ ያደርጉኝ ነበር። ጸሎት ቤታችን የእህቶች ኅብረት ውስጥ ሥራ ያገኘሁትም በዚሁ ጽሑፌ ነው።

ኅብረቱ ረቡዕ ከሰዓት ይሰበሰባል። መሪያችን እማማ ሳራ የሚባሉ የሙዝ ነጋዴ ነበሩ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ሜዳውን የሚሻገር። መሐላችን ላይ ክዳኗ የጠፋ የዱቄት ወተት ጣሳ ትቀመጣለች። የጸሎት ርዕስ ያላት ሴት በብጣሽ ወረቀት አስጽፋ እዚያ ትጨምራለች፣ ወረቀቱ አንድ በአንድ እየወጣ ይነበባል፣ ይጸለይበታል። ስም አይጠቀስም፤ "አንዲት እህት" ነው የሚባለው። አብዛኞቹ መጻፍ ስለማይችሉ ሰኞና ማክሰኞ ወደ ጋሽ በየነ በረንዳ እየመጡ፣ ግማሹን በአሪኛ ግማሹን በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ረቡዕ የማነበውም እኔው ነበርኩ። ሳወራ ድምፄ አይሰማም፣ ሳነብ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል ይሉኝ ነበር፤ የራሴ ቃል ስላልሆነ ይመስለኛል።

የስንቱን ጉድ ጽፌያለሁ። ቆላ ወርዶ ወሬው ስለጠፋ ባል፣ ስለ መሬት ክስ፣ ስለ መካንነት። አንዷ የጎረቤቷ ዶሮ ጎመኗን እንዴት እንደጨረሰባት ከመጀመሪያዋ ዶሮ ጀምራ ስትነግረኝ ወረቀቱ አለቀብኝና አንገቴን ደፍቼ "ዶሮዋን ጌታ ያውቃታል፣ ላሳጥረው?" አልኳት። "አሳጥሪው፣ ግን ቀይ መሆኗን ጻፊ" አለችኝ። ከአፌ ምንም ወጥቶ አያውቅም። ሴቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ያምኑኝ ነበር።

ታምሩን በሃያ ዓመቴ አገባሁ። ታች ቆላ ውስጥ ለመንገድ ሥራ የውሃ ቦቴ ይነዳ ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ስልክም እንደ ዛሬው በየኪሱ አልነበረም። ዓመት ሳይሞላን ልጃችን ሩት ተወለደች። ምጡ ረጅም ቢሆንም በሰላም ተገላገልኩ። ኅብረቱ በሙሉ ገንፎ ይዞ መጣ፣ ተዘመረ፣ ተጸለየ። ልጅቷ ጤነኛ፣ ፀጉሯ እስከ ግንባሯ የወረደ፣ ሁሉም የሚያደንቃት ነበረች። "እንኳን በሰላም ተገላገልሽ፤ ልጅሽ ታምራለች አይደል?" ሲሉኝ "ጌታ ይመስገን" እላለሁ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ልጅቷን ሳያት ምንም አይሰማኝም። የጎረቤት ሰው "እስክመለስ ያዥልኝ" ብሎ ትቶብኝ የሄደ ልጅ ትመስለኛለች። አጠባታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ እለውጥላታለሁ፤ እጄ ያውቃል፣ ልቤ የለም። እሷ ስትተኛ እኔ አልተኛም። እንጀራ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ሰው ሲመጣ እስቃለሁ፣ ሰው ሲሄድ በሩን ዘግቼ ግድግዳውን አያለሁ። አንድ ቀን ልብስ ላጥብ ነሪ ወንዝ ወረድኩ፣ እሷን አዝያለሁ። ድንጋዩ ላይ ቆሜ ውሃውን ሳይ አንድ አሳብ መጣብኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ያጠብኩትንም ያላጠብኩትንም ልብስ ድንጋዩ ላይ ትቼ እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዝ አልወረድኩም። ልብስ ለምን በጀሪካን ውሃ እንደማጥብ ሲጠይቁኝ ጀርባዬን ያመኛል እል ነበር።

ለማን ልንገር? እናቴ በሕይወት የለችም። ለአክስቴ ብናገር ርኩስ መንፈስ ነው ብላ ታስጮኸኛለች ብዬ ፈራሁ። ለታምሩ እንዳልነግር ቆላ ነው። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን ልጅቷን ይወስዷታል ብዬ ነው። አልወዳትም እያልኩ እንዳትወሰድብኝ መፍራቴ ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የሆነ ቦታ እንደምወዳት የሚያሳይ እሱ ብቻ ነበር።

ከአርባ ቀን በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጋሽ በየነ ጨርቅ የመጣበትን ትልቅ ካርቶን ቆርጦ፣ ብጥስጣሽ ጨርቅ አንጥፎ ለሩት አልጋ ሠራላት። አንድ ማክሰኞ ለሌሎቹ ስጽፍ ውዬ ማታ ላይ አንድ ብጣሽ ወረቀት ተረፈች። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ልጅ ወልዳ ልጇን መውደድ ላቃታት፣ ወንዝ መውረድ ለፈራች አንዲት እህት ጸልዩ።" አጠፍኳትና ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኳት።

ረቡዕ ዕለት አራተኛዋ ሆና ወጣች። ራሴ አነበብኳት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ የሰው ነገር ማንበብ ልማዴ ነው። እማማ ሳራ ተነሥተው ቆሙ፣ ሴቶቹም ተከተሏቸው፣ ለሌላ ርዕስ ጸልየው በማያውቁት ጸሎት ጸለዩ። እኔም መሐላቸው ቆሜ አለቀስኩ። ማንም አልጠረጠረኝም፤ ሁሉም እያለቀሰ ነበር። በማግስቱ ትንሽ ቀለል ብሎኝ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ዝም እንዳልኩ እቀር ነበር።

በዚያ ሰሞን ከኅብረቱ የወለድን ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ብርቱካን። ብርቱካን ባሏ ታች ቆላ፣ ቱርሚ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እሷ የበኩር ልጇን ይዛ ብቻዋን ጂንካ ትኖራለች። ሴቶቹ ማን ናት ብለው ሲያስቡ ጸሐፊዋ ለራሷ ጻፈች ብሎ ያሰበ አልነበረም። ብርቱካን ደግሞ ያን ማክሰኞ በረንዳው ላይ አጠገቤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጣ ስታወራኝ ታይታለች። ያስጻፈችኝ ባሏ ወደ ጂንካ እንዲዛወርላት ነበር። ከስታለች፣ ወተቷም ደርቆባት ልጁ የጣሳ ወተት ነው የሚጠጣው። በቃ፣ ብርቱካን ሆነች።

ጥርጣሬውን ማንም በቃል አልነገራትም፤ ብቻ ይንከባከቧት ጀመር። ውሃ ስትቀዳ ሁለት ሴት ይከተላታል። ልጁን ስታቅፍ አንዷ ትቀበላታለች። ቤቷ ውስጥ ብቻዋን አትቀመጥም። በሦስተኛው ቀን ልጇን አዝላ በረንዳችን ላይ መጣች፤ እየሳቀች ነበር።

"ዘነቡ፣ እነዚህ ሴቶች ምን ሆነዋል? ሽንት ቤት ስገባ በር ላይ ይቆሙልኛል። ልሞት ነው እንዴ፣ የሰማሽው ነገር አለ?"

እኔም ሳቅኩ። ሳቄ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ዕለት ግን ወሬው በሚኒባስ ገዘር ደረሰ፤ የብርቱካን አማት ጆሮ ገባ። ሴትዮዋ ኮስታራ፣ አራት ልጅ ያሳደጉ፣ የሚናገሩትን የማያጥፉ የደጋ ገበሬ ናቸው። እሑድ ከሰዓት ጂንካ ገቡና ምራታቸው እስክትድን ድረስ የልጅ ልጃቸውን ገዘር ወስደው ሊያሳድጉ መምጣታቸውን ተናገሩ። ብርቱካን ያኔ ነው ስለ ወረቀቷ የሰማችው። ብትምል፣ ብትገዘት ማን ሊሰማት። ልጇን እወዳለሁ ብላ ባለቀሰች ቁጥር ለቅሶዋ ራሱ ምልክት ሆነባት። ባሏን በስልክ ለማግኘት ሁለት ቀን ሞክራ አልተገኘም። አማትየው ረቡዕ ከኅብረቱ ጋር ጸልየው፣ ከዚያው በቀጥታ ልጁን ይዘው እንዲሳፈሩ ተወሰነ።

ሰኞ ማታ እማማ ሳራ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ፣ የሙዝ ቅጠሉን እያየሁ፣ ወረቀቷን ያስጻፈችኝ ብርቱካን አይደለችም አልኳቸው። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ። "ጌታ ይባርክሽ ልጄ። ምስጢር እንደምትጠብቂ አውቃለሁ። ካንቺ ሌላ እንዲህ የሚሸፍንላት የለም" አሉኝ። እሷ አይደለችም ብዬ ደገምኩላቸው። "ታዲያ ማን ናት?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ታማኝነት አድርገው ወሰዱት፤ እንዲያውም ሙዝ ሰጥተው ሸኙኝ።

ማክሰኞ የሰፋሁትን የመዘምራን ልብስ ጋሽ በየነ አንሥቶ አየውና ሁለቱም እጅጌ የግራ መሆኑን ነገረኝ። "የግራ እጅ ብቻ ያለው ዘማሪ አላችሁ እንዴ?" አለ። አልሳቅኩም። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን እንደወለደች ሦስት ወር አታናግረው እንደነበር፣ እሱም ጎረምሳ ስለነበረ ተቆጥቷት እንደነበር ነገረኝ። "ቁጣው ምንም አልሠራም። አልጠየቅኳትም ነበር፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ" አለ። ከዚያ እጅጌውን መፍታት ጀመረ። እኔን ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ማወቁን ግን አወቅኩ። ያን ሌሊት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማሰላስለው፤ ብናገር ሩትን የማጣት ይመስለኛል፣ ዝም ብል ብርቱካን ልጇን ታጣለች። የኔ ፍርሃት ነው፤ የእሷ ግን ቀኑም መኪናውም የተቆረጠ ነገር ነበር።

ረቡዕ ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ነበር። አማትየው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ሕፃኑን አዝለውታል፣ የልብሱ ከረጢት እግራቸው ሥር ነው። ብርቱካን በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ማልቀሱንም ትታዋለች። ሩትን አንዲት ጎረቤቴ ተቀብላ ይዛልኛለች። እማማ ሳራ ጣሳዋን አቀበሉኝና "አንብቢልን" አሉኝ። እጄን ወደ ጣሳዋ አላስገባሁም። ተነሣሁ።

"ያለፈው ሳምንት ወረቀት የኔ ናት" አልኩ።

እማማ ሳራ በጣም በለሰለሰ ድምፅ "ልጄ፣ ለሷ ብለሽ በራስሽ ላይ አትዋሺ" አሉኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን በሐዘኔታ ነቀነቁ። ያን ጊዜ ነው እንዲያው መናገሩ እንደማይበቃ የገባኝ። ስለዚህ ሁሉንም ተናገርኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም እንደማይሰማኝ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ሳምንት እንደሆነኝ፣ ነሪ ወንዝ ላይ ምን አሳብ እንደመጣብኝና ልብሱን ትቼ እንደሮጥኩ። ድንጋዩ ላይ የቀረውን ልብስ ባለቤቱ ያልታወቀ ብላ ሰብስባ ቤቷ ያስቀመጠች ሴት እዚያው ነበረች፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ቃል ስናገር ድምፄ ከቤቱ ጥግ እስከ ጥግ ተሰማ። አንገቴን አልደፋሁም።

አማትየው ቀና ብለው አዩኝ። "ያንቺስ ልጅ አሁን የት ናት?" አሉ።

"እዚህ ናት" አለች ጎረቤቴ፤ ሩትንም ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። አለቀልኝ ብዬ ነበር።

እማማ ሳራ ግን ሩትን ከጎረቤቴ ተቀብለው ወደኔ መጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "ሳምንት ሙሉ ስለ አንቺ ስጸልይ አጠገቤ ነበርሽ" አሉኝ፤ ያ ትልቅ ድምፃቸው የት እንደገባ አላውቅም። "ዘነቡ፣ ምን እናድርግልሽ?"

ወልጄ ከተኛሁበት ቀን ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መልሱን አዘጋጅቼ አልመጣሁም። "አትውሰዱብኝ። ብቻዬንም አትተዉኝ" አልኩ።

አማትየው ተነሡ። አንቀልባውን ፈቱ። ሕፃኑን ይዘው እስከ በሩ ሄዱና ለብርቱካን ሰጧት። ይቅርታ አልጠየቁም። "እኔ የሰማሁት የተነበበውን ነው" አሉ ብቻ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን በገዘር ሚኒባስ ሁለት እኩል ከረጢት የገብስ ዱቄት ላኩ፤ አንዱ ለብርቱካን፣ አንዱ ለኔ።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ሰው አልጠፋበትም። ጸሎት ሊያበዙብኝ ወይም ሊመክሩኝ አልነበረም የሚመጡት፤ የራሳቸውን ሥራ ይዘው ነው። አንዷ ጎመኗን ትቀነጥሳለች፣ አንዷ በቆሎ ትፈለፍላለች። ሩትን ከእጄ አይወስዷትም፤ እጄ ሲደክም ብቻ ይቀበሉኛል። ወንዝ ስወርድ እማማ ሳራ አብረውኝ ይወርዱና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ስለ ሙዝ ዋጋ ያወሩኛል። ቀይዋ ዶሮ ጎመኗን የጨረሰችባት ሴት አንድ ከሰዓት በቆሎ እየፈለፈለች፣ ቀና ሳትል፣ ሦስተኛ ልጇን ወልዳ እንዲሁ ሆና እንደነበርና ለማንም ተናግራ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ስለ ዶሮዋ ያስጻፈችኝ ቀን ለካ የመጣችው ይህን ልታስጽፍ ነበር።

ብርቱካን አሥር ቀን ያህል አላናገረችኝም። መብቷ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ባዶ ጀሪካን ይዛ በረንዳው ላይ ቆመች። "ሁለት ሴት ውሃ ይቀዳልኝ ነበር። ባንቺ ምክንያት ይኸው ብቻዬን ልሸከም ነው" አለችኝ። ከዚያ ጤና ጣቢያ አብራኝ እንደምትሄድ ነገረችኝ። አብረን ሄድን። ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች፤ በሩን ዘግታ ብዙ ጠየቀችኝ፣ አልደነገጠችም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ እንደሆነ፣ ብዙ እናቶችን እንደሚይዝ፣ እንደሚድን ነገረችኝ። የወንዙ ዓይነት አሳብ ከመጣ ሰዓት ሳልጠብቅ አጠገቤ ላለ ሰው እንድናገር አስጠነቀቀችኝ። በየሁለት ሳምንቱ ተመላለስኩ። ጸሎቴን ልተው ወይ ብላት "ጸሎትሽንም አታቋርጪ፣ እዚህ መምጣትሽንም አታቋርጪ" አለችኝ። ሁለቱንም አላቋረጥኩም።

ታምሩ ከቆላ ሲመጣ ነገርኩት። ከሱ አስቀድሜ ለሠላሳ ሴት መናገሬ እንዳሳዘነው ነገረኝ። እውነት ነው፣ ያሳዝናል። ከዚያ ወዲህ ግን ሲደውል መጀመሪያ "ሩት እንዴት ናት?" ማለቱን ተወ። "አንቺ እንዴት ነሽ? እውነቱን" ይለኛል።

አሁን የራሴ ስፌት ቤት አለኝ። ጋሽ በየነ አርጅቶ ሥራ ሲያቆም መኪናውን ለኔ ለቀቀልኝ። የጸሎት ርዕስ በቴሌግራም ነው የሚላከው፤ ልጆቻቸው ይጽፉላቸዋል። ወጣት እናቶች ሲወልዱ ኅብረቱ አሁንም ገንፎ ይዞ ይሄዳል፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ሌሎቹ ሲወጡ ትንሽ ዘግየት እላለሁ። ልጅሽ ታምራለች አልልም። "አንቺስ?" እላለሁ። አንዳንዷ "ጌታ ይመስገን" ብላ ታልፈኛለች። አንዳንዷ ግን ሁለተኛ ስጠይቃት ትናገራለች። ዓይን አፋርነቴ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ግን ሱሪ አይደለም የማየው።

ለሩት የነገርኳት ዘንድሮ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ከኔ በላይ ተምራለች። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ትስማው ብዬ ነው፤ ከተማዋ ትንሽ ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ጨርቅ ስታጣጥፍልኝ፣ መኪናውን እየረገጥኩ ሁሉንም ነገርኳት። ወንዙንም አልደበቅኳትም። የተጣጠፈውን ጨርቅ እየዘረጋች መልሳ እያጠፈች ሰማችኝ። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

"እሺ፣ መቼ ወደድሽኝ ታዲያ?" አለችኝ።

ቀኑን አውቀዋለሁ። አምስተኛ ወሯ ላይ ነበረች። ካርቶኗ ውስጥ ተኝታ ሳለ ጋሽ በየነ ጨርቅ የሚያሰምርበትን ጠመኔ አራገፈና ብናኙ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። አነጠሰች። በማነጠሷ ራሷ ደነገጠችና ይህን ያደረገብኝ ማነው በሚል ዓይን ዙሪያዋን ስታይ ቆይታ እይታዋን እኔ ላይ አሳረፈች። ሳቅኩ። እውነተኛ ሳቅ፤ ከወለድኩ በኋላ የመጀመሪያዬ። ከካርቶኑ አነሣኋትና ያን ቀን አላስቀመጥኳትም።

"ስላነጠስኩ?"

"ስላነጠስሽ።"

ጥቂት ፈገግ አለች። ከዚያ ጨርቁን አስቀመጠች። ድምፏ ዝቅ ብሎ፣ ጠረጴዛውን እያየች፣ "እማዬ፣ እኔም የምነግርሽ ነገር አለ። ከገና ወዲህ ነው" አለችኝ።

የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የሷ ነው። እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሣሁ፣ በሩ ላይ ያለውን መጋረጃ ለቀቅኩት፣ ወንበርም ሳብኩላት።